የማን ልጅ ነሽ?

ከአበርገሌ ቆላ ተነሥታ፣ ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ ሰቆጣ የገባች አንዲት እናት በዓይነ ሕሊናዬ ትመጣለች። የአእምሮ ጤና ባለሙያዋ ፊት ስትቀመጥ ስለ ኀዘኗ አትናገርም፤ «ራሴን ይመታኛል፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፣ ሐሳብ ይበዛብኛል» ብላ ዝም ትላለች። ቆየት ብላ፣ ቀና ሳትል፣ «አንቺስ ልጄ፣ የማን ልጅ ነሽ?» ስትል ግን፣ ለመጠየቅ የተማረችው ልጅ በድንገት ተጠያቂ ትሆናለች፤ እኔም ከዚህች ጥያቄ አጠገብ ብዙ እቆያለሁ።

ስለ ሥነ ልቦና ሕክምና ጅማሬ የጻፉት ሁሉ የዚህችን ጥያቄ ደጃፍ እያንኳኩ ይመስለኛል። ሲግመንድ ፍሮይድ በ1913 እ.ኤ.አ. ታካሚውን አስተኝቶ ከራስጌው ኋላ የሚቀመጥበትን ምክንያት ሲናገር፣ በቀን ስምንት ሰዓት በሰው ዓይን መታየትን እንደማይችል ያምናል (ይህ ኑዛዜው እንዴት ደስ ይለኛል!)፤ ሰቆጣ ባለችበት በዋግ ግን ትልቅ ሰውን አፍጥጦ ማየት ነውር ስለሆነ፣ ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ዓይናቸውን መሬት ላይ ያሳርፋሉ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ኤድዋርድ ቦርዲን ደግሞ በ1979 እ.ኤ.አ. የሐኪምና የታካሚን ኅብረት በሦስት ነገር አቆመው፦ በሚስማሙበት ግብ፣ በሚካፈሉት ሥራ፣ በመካከላቸው በሚበቅል ቁርኝት። እናቲቱ ከሦስተኛው ትጀምራለች፤ ሥሩን ሳታውቅ ጥላው ሥር የምትቀመጥበት ዛፍ የላትምና።

ደግሞስ እንዴት ትቸኩል? የንስሐ አባቷን ታውቃቸዋለች፤ ልጆቿን አጥምቀዋል፣ ሙቷን ፈትተዋል፣ ምሥጢሯ የት እንደሚያድር ታውቃለች። ይህች ልጅ ግን እስክሪብቶና መዝገብ ይዛለች፤ በዋግ ኽምራ ደግሞ መዝገብ የያዘ እንግዳ ብርቅ አይደለም። ከ77ቱ ድርቅ እስከ ቅርብ ዓመታቱ ጦርነትና መፈናቀል፣ እንዲህ ያሉ እንግዶች ስንት ልጅ እንዳላት፣ ስንቱ እንደቀረላት፣ ጎተራዋ ባዶ መሆኑን ደጋግመው ጠይቀዋት፣ ጽፈው፣ ሄደዋል። ብዙ ጊዜ የተቆጠረ ሰው ለቁጥር የሚሆን መልስ አያጣም፤ ያንን መልስ ከአፉ ጫፍ ያቀብላል፣ ሆዱን ግን አይከፍትም። በዚያ ላይ «አማኑኤል ገባ» ማለት አበደ ማለት በሆነበት አገር፣ እዚህ ወንበር ላይ መታየቱ ራሱ ከባድ ነው። ስለዚህ ልጅቱ እስክሪብቶዋን ስታስቀምጥ፣ ያቺ ትንሽ የእጅ እንቅስቃሴ ከብዙ ማጽናኛ ቃል የምትበልጥ ይመስለኛል፤ ልቆጥርሽ አልመጣሁም የምትል ናትና።

ከዚያም የአባቷን ስም፣ ያደገችበትን ቀዬ ትነግራታለች፤ ሐኪም ስለራሱ አያውራ የሚለውን ትምህርቷን ለአፍታ ወደ ጎን ትታ፣ እንግዳ ደጅ ላይ ቆሞ ማንነቱን እንደሚናገር ያህል ብቻ። በእናቲቱ ቋንቋ፣ በተሰባበረ ኽምጣናም ሰላምታ ትሞክራለች። እናቲቱ ትስቃለች፤ ቃሉን ቀስ ብላ ታርምላታለች፣ ልጅቱ ትደግመዋለች፣ እንደገና ታርማታለች። ልትታከም የመጣችው አስተማሪ ሆና፣ ሕመሟ ሳይነሣ፣ ያቺ ቀን ታልፋለች።

በሁለተኛው ቀጠሮ እናቲቱ ወንበሩን ትታ ልጅቱ የተቀመጠችበት አግዳሚ ላይ፣ ከጎኗ ትቀመጥና፣ ነጠላዋን ከአገጯ ዝቅ ታደርጋለች።