በሌላው እጅ የተጻፈ ቃል የማን ነው?



ሰው በገዛ እጁ ያልጻፈውን ደብዳቤ «የእኔ ነው» ብሎ ሊፈርምበት ይችላልን? ጥያቄው አዲስ ይመስላል እንጂ ለአራዳ ሰው አዲስ አይደለም። ፊደል ያልቈጠረ ባለ ጉዳይ በፍርድ ቤትና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ለሚጽፍለት ሰው ነገሩን ሲያስረዳ፣ ጸሐፊውም በሥርዓት አቀነባብሮ ሲያነብለት፣ ባለ ጉዳዩም አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ ሲያትምበት ብዙ ዘመን አልፏል። ብዕሩ በጽሕፈት መኪና ተተካ፤ ለዚህም የአማርኛን ፊደል ከመኪናው ጋር ለማስማማት የደከሙትን የኢንጂነር አያና ብሩን ስም ታሪክ ያስታውሳል። የጽሕፈት መኪናውም በተራው ለኮምፒዩተር ስፍራውን ለቀቀ። ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ቻት ጂፒቲ የተባለው መሣሪያ ለሕዝብ ከቀረበ፣ እንደ ጄሚኒ ያሉትም ከተከተሉት ወዲህ ደግሞ ጸሐፊው ራሱ በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቷል።

ዛሬ በፒያሳና በአካባቢዋ የቢሮ ሠራተኛው ለአለቃው የሚያቀርበውን ሪፖርት፣ ሥራ ፈላጊው ወጣት የማመልከቻውን ደብዳቤ፣ ነጋዴው ከውጭ አገር አቅራቢ ጋር የሚጻጻፈውን ሁሉ ከዚህ መሣሪያ ጋር ተማክሮ ያዘጋጃል። በቤትም እናት የመድኃኒቱን መግለጫ ወደ አማርኛ ታስተረጕምበታለች፤ ተማሪው ያልገባውን የሒሳብ ጥያቄ ደግሞ ደጋግሞ ይጠይቀዋል፤ የወሩን ወጪ የሚያሰላበትም አለ። ከዚህ የተነሣ ሁለት ዓይነት ድምፅ እንሰማለን። አንዱ «የሰይጣን ሥራ ነው፤ አትንኩት» ይላል። ሌላው «ጊዜው የእርሱ ነው፤ ሁሉን ለእርሱ ተዉለት» ይላል። ሁለቱም ሰውን ከማሰብ ያሳርፋሉ፤ ስለዚህም ሁለቱንም ሳንከተል ነገሩን በእምነትና በኅሊና ብርሃን ልንመረምረው ወደድን።

ሀ. የጤርጥዮስ ብዕርና የጳውሎስ ፊርማ

በቅዱሳት መጻሕፍት ዘንድ በሌላው እጅ ማስጻፍ ነውር አልነበረም። የነቢዩ ኤርምያስን ቃል ባሮክ ከአፉ እየተቀበለ በጥቅልል ላይ ጽፎታል። ወደ ሮሜ ሰዎች የተላከውን መልእክት የጻፈው እጅ የጤርጥዮስ እንደ ሆነ፣ ጸሐፊው ራሱ በመልእክቱ የመጨረሻ ምዕራፍ ሰላምታውን ሲያቀርብ እናነባለን። ቤተ ክርስቲያን ግን መልእክቱን የጤርጥዮስ መልእክት ብላ አልጠራችውም። ሐዋርያው ወደ ተሰሎንቄ ሰዎች በላከው በሁለተኛው መልእክቱ ፍጻሜ ደግሞ ሰላምታውን በገዛ እጁ የሚጽፈው የመልእክቶቹ ሁሉ ምልክት ይሆን ዘንድ መሆኑን ይገልጣል። ብዕሩን አውሷል፤ ፊርማውን ግን አላዋሰም።

ከዚህ ሦስት ነገሮችን እንማራለን። አንደኛ፣ አሳቡና እውነቱ የመነጨው ከተናጋሪው ነው። ሁለተኛ፣ ጸሐፊው ስም ያለው፣ የሚሰማና መልሶም የሚጠይቅ ሰው ነው። ሦስተኛ፣ ስለ ተጻፈው ነገር በእግዚአብሔርና በሰው ፊት የሚጠየቀው የፈረመው ነው። ጥያቄያችን እንግዲህ «መሣሪያ ጻፈልኝን?» የሚል ብቻ አይደለም፤ «ከእነዚህ ከሦስቱ የቀረው የቱ ነው?» የሚል ነው።

ለ. መሣሪያው ምን ያውቃል?

ቻትቦት የሚባለው ይህ መሣሪያ ከእጅግ ብዙ ጽሑፍ ተምሮ፣ ከአንድ ቃል ቀጥሎ ሊመጣ የሚገባው የትኛው እንደ ሆነ እየገመተ አንቀጽ የሚያቆም የስሌት ሥራ ነው። ሥራው የሚያስደንቅ ነው፤ መደነቃችንም ኀጢአት አይደለም። ነገር ግን ትክክል ሲናገርም ሆነ ሲሳሳት የቃላቱ ውበት አንድ ነው። የሰው ድምፅ ሲጠራጠር ይንቀጠቀጣል፤ የእርሱ ግን አይንቀጠቀጥም። በኢንተርኔት ላይ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት በመሆኑ ደግሞ በቋንቋችን ሲጠየቅ ስሕተቱ ሊበዛ ይችላል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ የፒያሳ ሰፈሮች ለልማት ሲፈርሱ ብዙ ቤተ ሰቦች ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውረዋል። ከእነዚህ መካከል ስለ ምትክ ቤት ማመልከት የምትሻ አንዲት እናት አለች እንበል። ልጇ ስልኩን አውጥቶ «እናቴ በቤቱ ብዙ ዓመት ኖራለች፤ ጠንካራ ማመልከቻ ጻፍልኝ» ይለዋል። መሣሪያው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያማረ ማመልከቻ ያቀርባል። ነገር ግን «ብዙ ዓመት» ያለውን «ከ30 ዓመት በላይ» ሊያደርገው፣ ያልነበረ ሕመም ሊጨምርበት፣ የሌለ የአዋጅ አንቀጽም ሊጠቅስበት ይችላል። ልጁ ደስ ብሎት ያትመዋል፤ እናቱም ልጇን አምና ትፈርማለች።

ሐሰት የተናገረው ማን ነው? ቅዱስ አውግስጢኖስ እንዳስተማረው ሐሰተኛ ማለት በልቡ አንዱን ይዞ በአፉ ሌላውን የሚናገር ነው። መሣሪያው ልብ የለውምና የሚያምነውም የሚክደውም የለውም። እናቲቱም ያልሆነ ነገር መጻፉን አላወቀችም። ሆኖም ወረቀቱ ሐሰት ይናገራል፤ ፊርማውም የእርሷ ነው። መዝገቡ ተመርምሮ 12 ዓመት ብቻ መኖሯ በተገኘ ጊዜ እውነተኛው ችግሯ ከሐሰተኛው ጋር አብሮ ይጣላል። የቀድሞው ማመልከቻ ጸሐፊ ቢሆን «እማማ፣ በቤቱ ስንት ዓመት ኖሩ? ማስረጃ አለዎት?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ጽፎም ያነብላት ነበር። መሣሪያው ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ ሊጽፍ ይችላልና፣ ያ ጥያቄ አሁን የልጁ ግዴታ ሆኗል። ድካሙ ቀለለ እንጂ ኀላፊነቱ አልቀለለም።

የፒያሳ ወርቅ ቤት ባለቤት የቀረበለትን ጌጥ ስላብረቀረቀ ብቻ አይገዛም፤ ይመዝነዋል፣ በድንጋይም ፈትጎ ይፈትነዋል። ለብረት ይህን ያህል የምንጠነቀቅ፣ ስማችንን ለምናሳርፍበት ቃል ከዚያ ማነስ አይገባንም።

ሐ. ሊዋስ የሚችልና የማይችል

ታዲያ ምን እናውሰው? ድካምን ማዋስ ይቻላል። ረጅም ሰነድ ማሳጠር፣ የፊደል ግድፈት ማረም፣ የማናውቀውን ቋንቋ ማስተርጐም፣ የተዘበራረቀ ሒሳብ ማስተካከል፣ እነዚህ ሁሉ ድካም ናቸው። ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የምትሄድ እኅት በማታውቀው ቋንቋ የተጻፈውን ውል ሳትፈርም በፊት በስልኳ አስተርጕማ ብታነብና ያልገባትን ለሚያውቅ ሰው ብታሳይ፣ መሣሪያው ለሰብአዊ ክብር አገልግሏል። እንዲህ ያለውን ረድኤት የሚነቅፍ ሰው የድኾችን ሸክም አልቀመሰም።

ምስክርነት፣ ይቅርታ፣ ቃል ኪዳንና ጸሎት ግን ድካም ብቻ አይደሉም። ባል ሚስቱን ይቅርታ የሚጠይቅበትን ደብዳቤ ከመሣሪያ አስጽፎ ሳያነበው ቢልክላት፣ ቃሉ ምንም ቢያምር ይቅርታ ጠይቋል ለማለት ያስቸግራል። ይቅርታ ማለት ራስን ዝቅ ማድረግ ነውና፤ በእርሱ ፈንታ ማንም ዝቅ ሊልለት አይችልም። ልቅሶ ቤት መድረስም እንዲሁ ነው። ሐዘንተኛው የሚሻው የተዋበ ዐረፍተ ነገር ሳይሆን አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ነው።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ እንዲህ ብሎ ሊቃወመን ይችላል፦ «በየዕለቱ የምንጸልየው የዳዊት መዝሙርና ውዳሴ ማርያም የሌላ ሰው ቃል አይደለምን? በሌላው ቃል መጸለይ ከተፈቀደ በመሣሪያው ቃል ይቅርታ መጠየቅ ለምን ይነቀፋል?» ተቃውሞው ጽኑ ነው፤ በቀላሉም አናልፈውም። እውነት ነው፤ ቃል ከሌላ ስለ መጣ ብቻ ሐሰት አይሆንም። አፍ መፍቻ ቋንቋችንን እንኳ ከእናቶቻችን ተውሰናል። ነገር ግን መዝሙረ ዳዊት በእውነት ካለቀሰና ከታመነ ልብ የወጣ፣ በብዙ ትውልድ ምእመናን አንደበት የተመሰከረ ቃል ነው። እኛም ስንጸልየው ልባችንን ወደ ቃሉ እናስጠጋለን እንጂ ቃሉን በልባችን ፈንታ አንልከውም። ልዩነቱ ያለው በዚህ ነው። ያ ባል መሣሪያው የጻፈለትን አንብቦ፣ የማያምንበትን ሰርዞ፣ የበደለውን በስሙ ጠርቶ፣ የቀረውን «አዎን፣ ይህ የእኔ ነው» ብሎ ቢቀበለውና ሄዶ በፊቷ ቢናገረው ቃሉ የእርሱ ይሆናል። ቃልን የእኛ የሚያደርገው መነሻው ብቻ ሳይሆን የኅሊናችን ይሁንታ ነው። ያለ ይሁንታ የተላከ ቃል ግን፣ በገዛ እጃችን የተጻፈ እንኳ ቢሆን፣ ባዶ ነው።

መ. የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

ቅድስት መንበር ይህን ጉዳይ በዝምታ አላለፈችውም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ ሰኔ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. በቡድን ሰባት አገሮች ጉባኤ ላይ ተገኝተው፣ መሣሪያ ከብዙ አማራጭ አንዱን በስሌት ይለያል፤ በልቡ መክሮ የሚወስን ግን ሰው ነው በማለት አስተምረዋል። ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሁለት የቫቲካን ጽሕፈት ቤቶች የወጣው «አንቲኳ ኤት ኖቫ» የተሰኘው ሰነድም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሰው ልጅ አእምሮ ፍሬ እንጂ የሰው አእምሮ አምሳያ ተደርጎ ሊታይ እንደማይገባው ያስረዳል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን ዐሥራ አራተኛም ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ለካርዲናሎች ባደረጉት ንግግር ስማቸውን የመረጡበትን ምክንያት ሲገልጡ፣ ልዮን ዐሥራ ሦስተኛ እ.ኤ.አ. በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክታቸው የሠራተኛውን ጉዳይ እንዳነሡ፣ የዛሬይቱም ቤተ ክርስቲያን በዚህ አዲስ ለውጥ ፊት ለሰብአዊ ክብር፣ ለፍትሕና ለሥራ መቆም እንዳለባት አመልክተዋል።

ይህም ለእኛ ቅርብ ነገር ነው። በጽሕፈት፣ በትርጕምና በኮምፒዩተር ሥራ እንጀራቸውን የሚበሉ ወንድሞችና እኅቶች በመካከላችን አሉ። በመሣሪያው ምክንያት ሥራው የፈጠነለት አሠሪ «ትርፉ የማን ነው?» ብሎ ኅሊናውን ይጠይቅ። ሠራተኛውን አዲሱን ሙያ ማስተማር ሲችል የሚያሰናብተው ከሆነ መሣሪያው አላሰናበተውም፤ ያሰናበተው እርሱ ነው።

ሠ. ለቤታችንና ለአገልግሎታችን

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን እንዲህ እንላለን፦ የትምህርቱን ቅደም ተከተል ለማሰናዳት፣ ለሕፃናት የሚቀርብ ጥያቄ ለማውጣት በመሣሪያው ብትረዱ አንከለክላችሁም። ስለ እምነት የሚሰጣችሁን መልስ ግን ከቅዱስ መጽሐፍና እ.ኤ.አ. በ1992 ከወጣው ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ጋር አመሳክሩ፤ የጠቀሰላችሁንም ምዕራፍ ገልጣችሁ እዩ። ከሁሉ በላይ ግን ሕፃኑ ከእናንተ የሚቀበለው ዕውቀትን ብቻ እንዳይደለ አስቡ። እሑድ እሑድ ለእርሱ ብሎ የሚመጣ፣ ስሙን የሚያውቅ፣ ሲጸልይ የሚያየው ሰው አለው። እኛ ካህናትም ብንሆን ለስብከታችን ከዚህ ደንብ ውጭ አይደለንም፤ ያልጸለይንበትን ቃል ለሕዝበ እግዚአብሔር ማቅረብ አይገባንምና።

ሌላው ምሥጢር መጠበቅ ነው። ሰው አምኖ የነገራችሁን የትዳር ችግር፣ የሕመም ወይም የበደል ነገር «ምክር እንዲሰጠኝ» ብላችሁ ከነስሙ ወደ መሣሪያው አታስገቡ። ያ ጽሑፍ ከእጃችሁ ወጥቶ ወደ ማታውቁት ኩባንያ ይሄዳል። አባቶቻችን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ያሉት ለዚህ ዘመን የተነገረ ይመስላል። አገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች፤ ለክርስቲያን ግን ከአዋጁም በፊት የወንድሙ ክብር አለ።

ጐረቤትንም አንርሳ። ሰፈራቸው ፈርሶ፣ የቡና ማኅበራቸው ተበትኖ፣ እድራቸው የራቀባቸው ሰዎች ሌሊት ለስልካቸው ችግራቸውን ቢያጫውቱ አንፍረድባቸው። ይልቅስ ስለ ምን ከእኛ ይልቅ ስልኩን እንደ መረጡ እንጠይቅ። መሣሪያው ሌሊትም ቢሆን ይመልሳል፤ አይሰለችም። እኛ ግን እንሰለቻለን። ሆኖም ለታመመው ውኃ የሚያቀብል፣ ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያመጣለት፣ ስለ እርሱ የሚያለቅስ መሣሪያ የለም። ነገሩ የሚነቅፈው ስልኩን ሳይሆን የተዘጋውን በራችንን ነው።

አራዳ ለአማርኛችን ያበረከተችው አንድ ቃል አለ፤ «አራዳ» ስንል ነገር ቶሎ የሚገባው፣ የማይሞኝ ሰው ማለታችን ነው። ይሁን እንጂ ቋንቋችን ብልጥንና ብልኅን ለይቶ ያውቃል። ብልጥ መንገዱን ያሳጥራል፤ ብልኅ ግን መንገዱ ወዴት እንደሚያደርስ ይመረምራል። መሣሪያው ለመጀመሪያው በእጅጉ ይረዳናል፤ ሁለተኛው ግን ቅዱስ ቶማስ አኵዊናዊ ከዐበይት ምግባራት አንዱ አድርጎ ያስተማረው፣ በልምምድና በጸጋ የሚገኝ የአስተውሎት ምግባር ነው።

ስለዚህ ማናቸውንም በመሣሪያ የተጻፈ ነገር ከመላካችን ወይም ከመፈረማችን በፊት ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናንብበውና ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፦ እውነት ነውን? በእርግጥ የእኔ አሳብ ነውን? ነገ ብጠየቅ ስለ እርሱ እመልሳለሁን? ለሦስቱም በንጹሕ ኅሊና «አዎን» ያለ ሰው ብዕሩን ከማንም ቢዋስ ቃሉ የራሱ ነው።

ቃል ሥጋ የሆነበትን ምሥጢር የምናምን እኛን፣ ቃላችንን በሕይወታችን እንድናጸና እግዚአብሔር የማስተዋልን ጸጋ ያድለን። አሜን።