እባብ ለመግዛት ፈቃድ መጠየቅ ስለ ምን አስፈለገ?

ሰው በላቡ ባገኘው ገንዘብ የወደደውን ገዝቶ የራሱ ማድረግ ይችላል የሚለው አሳብ በብዙዎች ልብ የጸና ነው። ሻጩ ሊሸጥ ከፈቀደ፥ ገዢውም ሊገዛ ከወደደ፥ ዋጋውም በስምምነት ከተቆረጠ፥ ሦስተኛ ሰው በመካከላቸው ገብቶ «ቆዩ!» የሚልበት ምክንያት አይታያቸውም። ነገር ግን የሚሸጠው ነገር ነፍስ ያለው ፍጥረት፥ ያውም ዘሩ ከምድር እንዳይጠፋ የሚያሠጋ ፍጥረት በሆነ ጊዜ፥ ይህ አሳብ ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባውም። ምሳሌያችን አንበሳ ወይም ዝሆን ቢሆን ነገሩ በቀለለ ነበር፤ ግርማቸው ራሱ ጠበቃ ሆኖ ይቆምላቸዋልና። እኛ ግን ሰው ሁሉ የሚሸሸውን እባብን እንውሰድ። የፍርድ ትክክለኛነት በይበልጥ የሚፈተነው ለማንወደው በምንፈርድበት ጊዜ ነው።

በአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ፥ በፍሎሪዳና በጆርጅያ ግዛቶች፥ ምሥራቃዊ ኢንዲጎ የሚባል እባብ ይኖራል። ይህን ስም ያገኘው ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ከሚያብረቀርቀው ቆዳው ነው። ርዝመቱ እስከ 2 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ስለሚደርስ፥ ከዚያች አገር ነባር እባቦች መካከል በርዝመት የሚበልጠው የለም። መርዝ የለውም፤ እንዲያውም መርዛሞቹን እባቦች እየያዘ ይበላል። ሊቃውንት ከግሪክ ቋንቋ ወስደው ለወገኑ የሰጡት ስም ሲተረጐም «የደን ገዢ» ማለት ነው። በብርድ ወራትም የየብስ ኤሊ በአሸዋ ውስጥ በቈፈረችው ጕድጓድ ይጠለላል።

በዚህ የደን ገዢ ላይ ግን ሦስት ጠላቶች ተነሡበት። አንደኛው የመኖሪያው መጥፋት ነው፤ ቀድሞ 90 ሚሊዮን ኤከር ያህል ይሸፍን ከነበረው ረጅም ቅጠል ካለው የጥድ ደን፥ በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከመቶ አምስት እጅ እንኳ አልቀረም ነበር። ሁለተኛው፥ ጅራታቸውን የሚያንኳኩትን መርዛም እባቦች የሚያድኑ ሰዎች በኤሊዎቹ ጕድጓድ ቤንዚን እያፈሰሱ ያልፈለጉትንም ጭምር መግደላቸው ነው። ሦስተኛው ጠላት ግን ከሁሉ የሚያስደንቅ ነው፤ ይኸውም የሰው ፍቅር ነው። እባቡ መልኩ የሚያምር፥ ጠባዩም ለሰው የገራ ስለ ሆነ፥ በቤታቸው ሊያኖሩት የሚሹ ሰዎች በዙ፤ እየያዙ የሚሸጡትም ተከተሉ። የሚጠሉት በመጥላታቸው፥ የሚወዱትም በመውደዳቸው አጠፉት።

ከዚህም የተነሣ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በ1973 በወጣው የአሜሪካ የአራዊትና የዕፀዋት መጠበቂያ ሕግ መሠረት፥ ይህ እባብ በ1978 ጥበቃ ከሚደረግላቸው ፍጥረታት መዝገብ ገባ። ዛሬ ከአንዱ ግዛት ሆኖ በሌላው ግዛት ያለውን ኢንዲጎ ሊገዛ የሚፈልግ ሰው፥ እባቡ በሰው እጅ የተፈለፈለ እንኳ ቢሆን፥ አስቀድሞ ከዓሣና ከዱር አራዊት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ማግኘት አለበት። እባቡ ከየት እንደ መጣ፥ ማደሪያው እንዴት እንደ ተሰናዳ፥ ጠያቂው ምን ዕውቀትና ልምድ እንዳለው፥ በተለይም ለምን እንደ ፈለገው ያስረዳል። ለሳይንስ ምርመራ፥ ዘሩን ለማብዛትና ለማቈየት፥ ለሕዝብ ለማሳየት፥ ለማስተማርና ከሕጉ ዓላማ ጋር ለሚስማማ ሌላ ልዩ ጕዳይ ሊፈቀድለት ይችላል። «ደስ ስለሚለኝ ነው» የሚለው ግን ብቻውን በቂ ምክንያት አይደለም። ሻጩም ማስታወቂያ ቢያወጣ፥ ፈቃድ ሳይገኝ ሽያጩ እንደማይፈጸም በማስታወቂያው ላይ እንዲገልጽ ይገደዳል።

በዚህ ላይ ተቃውሞ የሚያቀርቡ ሰዎች አሉ፤ ክርክራቸውም የሚናቅ አይደለም። «ይህ እባብ ደን አይቶ አያውቅም፤ እኔ ብገዛው በዱር ካሉት አንድ እንኳ አይጐድልም፤ ታዲያ ስለ ምን እጠየቃለሁ?» ይላሉ። ደግሞም፥ ያንኑ እባብ ወዳጅ ለወዳጁ ያለ ዋጋ በስጦታ ቢልክለት ይህ ፈቃድ እንደማያስፈልግ፥ በአንድ ግዛት ውስጥም ቢሸጥ የግዛቱ ሕግ ካልከለከለ በቀር የማዕከላዊው መንግሥት ፈቃድ እንደማይጠየቅ ያመለክታሉ። እባቡ ያው፥ ማደሪያውም ያው ሆኖ ሳለ ሕጉ አንዱን ይጠይቃል፥ ሌላውን ያሳልፋል።

ለዚህ መልስ የሚገኘው የዋጋን ጠባይ ስንመረምር ነው። በቤት የተፈለፈለውና ከጕድጓድ የተጐተተው በቆዳቸው ላይ የሚለያቸው ምልክት የለም። ገንዘብም ዐይን የለውምና «አንተ ከየት መጣህ?» ብሎ አይጠይቅም። ስጦታ ከሁለት ወዳጆች እምብዛም አይርቅም፤ ዋጋ ግን በገበያ ከተሰማ የማያውቀውን ሰው ከሩቅ ይጠራል፥ የተጠራውም ወጥመዱን ይዞ ወደ ደን ይወርዳል። እንግዲህ ገንዘብ ሊጠይቀው ያልቻለውን ጥያቄ ስለ ገንዘቡ ፈንታ የሚጠይቅ አንድ ሰው ያስፈልጋል፤ ፈቃድ ማለትም ይህ ነው። ሕጉ በግዛቶች ድንበር ላይ የቆመው፥ የማዕከላዊው መንግሥት ሥልጣን በግዛቶች መካከል በሚደረገው ንግድ ላይ ስለ ሆነ ነው። ነገር ግን የሥልጣን ወሰን የኅሊና ወሰን አይደለም። ያለ ፈቃድ በስጦታ የተቀበለውም ሰው፥ «ላኖረው እችላለሁን? ለምንስ እፈልገዋለሁ?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ይገባዋል፤ ጠያቂ ባይኖርበትም ተጠያቂነቱ አልቀረለትምና።

እስከዚህ የተነገረው ለጠያቂው ነው፤ ለፈቃድ ሰጪውም የሚነገር አለ። ቅን ሰው ማመልከቻውን ጽፎ ወራት ሲጠብቅ፥ አታላዩ የሸጠውን «ሰጠሁ» ብሎ በአንድ ቀን ቢጨርስ፥ የሕጉ ሸክም በቅኖቹ ትከሻ ላይ ብቻ ይወድቃል። መልስ የሚያዘገይ፥ ሲከለክልም ምክንያቱን የማይገልጽ ሹም እባቡን የጠበቀ ይመስለዋል እንጂ፥ ሰዎችን ውሸት እያስተማረ ነው። እንዲሁም ለመዝናኛ የሚፈልገውን እባብ «ለማስተማር ነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው ያታለለው መሥሪያ ቤቱን ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ በእውነት ለማስተማር የሚጠይቀውን መምህር ቃል አስቀድሞ አርክሶበታል።

እባብን በሰው እጅ ማኖር በራሱ ክፉ እንዳልሆነ ግን ሥራው መስክሯል። በፍሎሪዳ ዩስቲስ በምትባል ከተማ ለዚሁ እባብ በተቋቋመ ማዕከል የተፈለፈሉት ኢንዲጎዎች፥ ዘሩ ጠፍቶባት በነበረችው በአላባማ ግዛት በኮኔኩህ ብሔራዊ ደን ውስጥ ሲለቀቁ ቈይተዋል። በ2020ም በዚያው ደን በዱር የተወለደ ግልገል ተገኘ። እባብን ያኖሩት ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንዱ ለራሱ ያኖረዋል፥ ሁለተኛው ለደኑ ያኖርለታል። ፈቃድ የሚፈልገው ይህን ልዩነት ነው።

በእኛም አገር «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል። ፍርሃታችን ከጥንት የመጣ ስለ ሆነ፥ ስለ እባብ መብት መናገር ለአንዳንዱ ቀልድ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን በ1973 በዋሽንግተን የተፈረመውንና በአራዊትና በዕፀዋት የሚደረገውን የዓለም ንግድ የሚቈጣጠረውን ስምምነት ኢትዮጵያም በ1989 ተቀብላለች። ስለዚህ እንዲህ ያለው ማመልከቻ በእኛም ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል፤ ተማሪዎቻችንም ነገ ወይ ጠያቂዎች ወይ መላሾች ይሆናሉ። በዚያ ጊዜ በወረቀቱ ላይ የሁለት ሰዎች ስም ተጽፎ ይገኛል፤ የሦስተኛው፥ ስሙን ሊጽፍ የማይችለው ፍጥረት፥ ፊርማ ግን የለበትም። ማኅተሙን ያነሣው እጅ ስለዚያ ስላልፈረመው አስቦ ይምታ።