ካርታው የሚናገረው ለማን ነው?

አንዲት ወጣት አንድን መንገድ «ያስፈራል» ስትል የምትነግረን ስለ መንገዱ ነው ወይስ ስለ ራሷ? ይህ የፍልስፍና ጥያቄ በዴልሂ የማዘጋጃ ቤት ጉዳይ ከሆነ ቆይቷል። በ2012 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አንዲት ተማሪ አውቶቡስ ውስጥ በቡድን ተደፍራ ከሞተች በኋላ፣ በ2013 ሴፍቲፒን የተባለ፣ የቦታዎችን ደኅንነት በካርታ የሚያሳይ የሞባይል መተግበሪያ ሥራ ጀመረ። ቦታውን የምትመዝነው ሴት ስለ መብራቱ፣ ስለ እግረኛ መንገዱ፣ ስለ ትራንስፖርቱ ቅርበት፣ ከመስኮትና ከሱቅ የሚያያት ሰው ስለ መኖሩ ትሞላለች፤ ምን እንደተሰማትም ትጠየቃለች። ተቺዎች የማይዋጥላቸው ይህ ነው፤ አምፖል ይቆጠራል፣ ስሜት ግን እንዴት ካርታ ላይ ይሰፍራል?

ይሰፍራል፤ ሰው ውሎውን የሚወስነው በሚሰጋው ነገር ጭምር ነውና። ኢኮኖሚስቷ ጊሪጃ ቦርከር የዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የጉዞ መስመር ከዚሁ መተግበሪያ መረጃ ጋር አገናዝባ ስታጠና፣ ሴቶቹ ለከፋ የሚቀንስበትን መንገድ ሲሉ የተሻለውን ኮሌጅ ትተው ዝቅ ያለውን እንደሚመርጡ አገኘች። ፍርሃቱ የተጋነነ ነው ብንል እንኳ የቀረው ትምህርት አልተጋነነም። ሆኖም ፍርሃት ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። በ2014 ኒው ዮርክ ውስጥ የወጣው ስኬችፋክተር፣ ተጠቃሚዎች ያልጣማቸውን ሰፈር እንዲጠቁሙ ሲጋብዝ በዘረኝነት የተወገዘው ያለ ነገር አልነበረም፤ ድህነትን ከአደጋ የሚያምታታ ዐይን ሞልቷል። እናም ምስክሩ ይመርመር፦ ያስፈራት ምሰሶው ቆሞ አምፖሉ በቅጠል ስለተሸፈነ ነው ወይስ የሰፈሩ ሰው ልብስ ስላረጀ?

የሚከብደው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው፤ ካርታው ልጅቷን «በዚያ አትሂጂ» ብሎ ቤት ያስቀምጣታል የሚለው። ሐቅ አለው። ዛሬ ማታ ወደ ቤቷ የምትመለሰውን ማስጠንቀቅ ደግ ነው፤ ነገሩ በዚያው ከቀረ ግን የከተማውን ዕዳ እሷ በእግሯ እየዞረች ትከፍላለች፤ ቤቷ እዚያው ጨለማ መንገድ ላይ የሆነባት ደግሞ መዞሪያም የላትም። ያው መረጃ መብራት የሚያስተክለው ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ምክር መሆኑ ይቀርና ክስ ይሆናል፤ ዴልሂ ላይ የጨለማ ቦታዎቹ መረጃ ለመንግሥት ቀርቦ ለመብራት ተከላ ያገለገለው በዚህ መንገድ ነው። መብራት ለካፊን ጨዋ አያደርግም፤ «አልሰማንም» የሚለውን መልስ ግን ያሳጣል። አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፦ ስማርት ስልክ የሌላቸው ሴቶች የሚኖሩበት ሰፈር ካርታው ላይ ባዶ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ ኃላፊው ባዶውን ሰላም ብሎ ከማንበቡ በፊት በምሽት ሄዶ ይጠይቃቸው።