ነቅሎ መትከልና ዘርቶ ማብቀል

አንድ ሰው መልካም ነገር በደጁ እንዲኖረው ሲሻ፣ ያንኑ ነገር ካለበት ነቅሎ ቢያመጣውና ከዘሩ አብቅሎ ቢያሳድገው ልዩነት አለውን? ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ይህ ጥያቄ የአትክልተኛ ጥያቄ እንጂ የሞራል ጥያቄ አይደለም ትል ይሆናል። እኔም በአንተ ዕድሜ ሳለሁ እንደዚያው ባልሁ ነበር። መልሱን ለማግኘት ከሠላሳ ዓመት የበለጠ ፈጅቶብኛል፤ ያስተማረኝም መጽሐፍ ሳይሆን አንድ አበባና አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው።

አበባው አሽንዳ ይባላል። በሰሜን ልጃገረዶች በነሐሴ ወር ወገባቸው ላይ የሚታጠቁት ለምለም ቅጠል በዚሁ ስም ስለሚጠራ ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም። ኦሮሞ ጎረቤቶቼ «ሌላ» ይሉታል፤ ወደ አጋርፋ እንደ መጣሁ ስሙን ብጠይቅ «ሌላ» ብለው ሲመልሱልኝ፣ ሌላ ተክል የጠየቅሁ መስሎአቸው ይሆናል ብዬ ጣቴን ዘርግቼ ደግሜ ጠይቄአለሁ። ቅጠሉ ረዥምና እንደ ሰይፍ የሾለ ነው። ከመካከሉ ቀጥ ያለ አገዳ ይወጣና በጫፉ ላይ ቱቦ የመሰሉ ትናንሽ አበቦች ተጠቅጥቀው እንደ ችቦ ይቆማሉ፤ ቀለማቸውም ከቢጫ እስከ ብርቱካንና እስከ ቀይ ይደርሳል። በአበባው ወራት ወደ ዲንሾ የሚወስደውን ደጋ ያየ ሰው ሜዳው እሳት የተያያዘ ይመስለዋል።

ሊቃውንት የዚህን ተክል ወገን ክኒፎፊያ ብለው ይጠሩታል። ስሙ የተሰጠው በ18ኛው መቶ ዘመን በኤርፉርት ከተማ መምህር ለነበረው ለጀርመናዊው ለክኒፎፍ መታሰቢያ ነው። ይህ ሰው ተክሉን ራሱን ቀለም እየቀባ በወረቀት ላይ በማተም የዕፀዋት መጽሐፍ ያዘጋጀ ነበር። ከዚሁ ወገን 70 ያህል ዓይነት ሲገኝ ብዙው በደቡብ አፍሪካ ነው፤ በአገራችን ያለው ሰባት ሲሆን፣ እኛ አሽንዳ የምንለው ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር ሜዳ አይበቅልም። አውሮፓውያን የደቡብ አፍሪካውን ዘመዱን ወስደው በአትክልት ቦታቸው ዳር ዳር ተክለውታል፤ ቈርጠውም በጠርሙስ ውሃ ገበታቸው ላይ ያኖሩታል። የእኛ ሰዎች ደግሞ ሥሩን ለሆድ ቁርጠትና ለቁስል መድኃኒት ያደርጉታል። ፕሮፌሰር ኤርሚያስ ዳኜም ከጀርመናዊው ከስቴግሊሽ ጋር ሆነው በ1984 እ.ኤ.አ. ከዚሁ ሥር ያወጡትን ንጥረ ነገር ክኒፎሎን የሚል ስም ሰጥተው ለዓለም አስታወቁ። እኛ ጠዋት ማታ የምናልፈውን ተክል የሩቁ ሰው መርምሮት ሲገኝ እናፍራለን፤ በዚህ ጊዜ ግን ከመርማሪዎቹ አንዱ የአገራችን ሰው ስለሆነ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ። ያደግሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። የግቢው መንገድ ሁሉ በኖራ በተቀቡ ድንጋዮች የታጠረ ነበር፤ ከድንጋዩም ወዲያ አበባ ነበረ። መምህር ሆኜ ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት በተላክሁ ጊዜ ግቢው ጭቃና አቧራ ብቻ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ያንኑ የልጅነቴን መንገድ እዚህ እሠራለሁ ብዬ ቈረጥሁ። አሳቡ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን እንግዶች በሁለት ሳምንት ውስጥ ትምህርት ቤቱን ሊጐበኙ ይመጣሉ የሚል ወሬ ተሰማ። እኔም የ7ኛ ክፍል ተማሪዎቼን ዶማ አስይዤ አሽንዳ ነቅለው እንዲያመጡ ወደ ኮረብታው ሰደድኋቸው። ብዙ ላመጣም ማርክ እጨምራለሁ አልሁ። ከቀትር በፊት 40 ያህል አመጡ። በሰልፍ ተከልናቸው፤ እንግዶቹም መጥተው አመሰገኑኝ። ወሩ ሳያልቅ ግን ተክሎቹ ሁሉ ከሥራቸው በሰበሱ። አገሩ ጥቁር መሬት ነው፤ ውሃ ይቋጥራል፤ ሥራቸው በዶማ የተቈረጠ ተክሎች ደግሞ ይህን አይችሉም።

በኮረብታው ሥር ንብ የምታረባ አንዲት ባልዋ የሞተባት ሴት ነበረች። አንድ ቀን ወደ ትምህርት ቤቱ መጣችና «መምህር፣ ልጆቹን የላክሃቸው አንተ ነህ?» አለችኝ።

«አዎን፣ አዴ» አልኋት።

«ማንን ጠይቀህ?»

«ባለቤት ያለው አልመሰለኝም።»

«ልጅ መጠየቅን መማር ያለበት በዚያ ነው እንጂ» አለች። «ባለቤት ያለውንማ የባለቤቱ ዱላ ያስተምረዋል።»

በጊዜው ነገሩን እንደ ቀልድ ቈጠርሁት።

ብዙ ዓመታት አለፉ። ከእነዚያ ልጆች አንዱ አድጎ፣ ትዳር ይዞ፣ በስንዴ እርሻ የታወቀ ጐበዝ ሆነ። በባሌ ሜዳ እንደሚታየው መሬቱን በትራክተር አሳርሶ በኮምባይነር ያሳጭዳል፤ ትጉህ ሰው ነው። ከዕለታት አንድ ቀን የመንደሩን የጋራ ግጦሽ እየቈረሰ እስከ ምንጩ አፍ ድረስ አረሰው። ሽማግሌዎች ሊገሥጹት ሲሄዱ «አስተማሪው ነህና አንተን ይሰማል» ብለው እኔንም ወሰዱኝ። እኔም ስለ ጋራ ሀብትና ስለ ትውልድ ብዙ ተናገርሁ። እርሱ ቆሞ በትሕትና ካዳመጠኝ በኋላ እንዲህ አለ፦ «ጋሼ፣ ኮረብታው ባለቤት እንደሌለው መጀመሪያ ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት። ያን ቀን ስድስት ነቅዬ ማርክ ጨምረውልኛል።» ሽማግሌዎቹ ሣቁ። እኔ ግን መልስ አጣሁ፤ ያን ሌሊትም እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እንግዲህ ወጣት አንባቢዬ፣ ነገሩን እንደ ዳኛ ሆነህ እንድታየው እፈልጋለሁ። ለራሴ ያቀረብሁት መከላከያ ይህ ነበር፦ አሽንዳ ብርቅ ተክል አይደለም። ከብት ስለማይበላው፣ ሣሩ ከመጠን በላይ በተጋጠበት ቦታ ሁሉ እርሱ ይበዛል፤ እንዲያውም መብዛቱ የግጦሹ መጐዳት ምልክት ነው ይባላል። እንዲህ ከሆነ 40 ተክል ቢነቀል ኮረብታው ምን ጐደለበት? ይህ ክርክር እውነት ነው፤ ዛሬም አልክደውም። ይሁን እንጂ ያስረዳው ኮረብታው አለመጐዳቱን ብቻ ነው። ሥራዬ ትክክል መሆኑን አያስረዳም። ልጆቹ ከዚያ ኮረብታ ይዘው የወረዱት ተክሉን ብቻ አልነበረምና። መልካም ነገር ያየ ሰው ዶማ ካለው የእርሱ ነው የሚለውን ሕግ ጭምር ይዘው ወረዱ፤ ይህም ሕግ አበባው ከደረቀ በኋላ እንኳ በአንዱ ልብ ውስጥ ሥር ሰዶ ቈየ። ስለዚህ ጥፋት የሚመዘነው በተወሰደው ነገር ማነስና መብዛት ብቻ ነው የሚለውን አሳብ ከዚያ ወዲህ ትቼዋለሁ።

ዘር ብንለቅም ኖሮስ? አንድ እፍኝ ዘር ቢወሰድ ኮረብታውም ንቢቱም አይሰማቸውም ነበር። ነገር ግን ዘር ሁለትና ሦስት ዓመት ይፈልጋል፤ እንግዶቹ ደግሞ በሁለት ሳምንት የሚመጡ ነበሩ። አበባውን ወድጄው ቢሆን ኖሮ ጊዜውን እሰጠው ነበር። የወደድሁት የእንግዶቹን ዓይን ነው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አሽንዳን ከዘር ማብቀል ጀመርሁ። አበባው ረግፎ ፍሬው ቡናማ ሆኖ መሰንጠቅ ሲጀምር ዘሩ ይለቀማል፤ ጥቁርና ማዕዘን ያለው ትንሽ ፍሬ ነው። በጥላ ከደረቀ በኋላ አፈር፣ አሸዋና በደንብ የበሰበሰ ፍግ በተቀላቀለበት ሣጥን ይዘራል፤ ከላዩም ስስ አፈር ይነሰነስበታል። አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ አይቋጥር። እንደ ሦስትና እንደ አራት ሳምንት ያስጠብቃል። ሲበቅል ፍጹም ሣር ይመስላል። በመጀመሪያው ዓመት አረም ነው ብዬ ግማሹን በገዛ እጄ አረምሁት፤ ባለቤቴም «ለተማሪዎችህም እንዲህ ነበርህ?» ብላ ቀለደችብኝ። ቡቃያው አንድ ስንዝር ሲሆን በበልጉ ዝናብ ከፍ ባለ መደብ ላይ፣ ከአንዱ እስከ አንዱ ግማሽ ሜትር እየተራራቀ ይተከላል። የመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ብቻ ነው። ሁለተኛውም ዓመት ለብዙዎቹ ቅጠል ብቻ ሆነ። ጎረቤቶቼ ሽንኩርትህ መቼ ይደርሳል እያሉ ይጠይቁኝ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት አበበ። ያልጠበቅሁት ነገር ቢኖር አንዱ ከአንዱ አለመመሳሰሉ ነው። ዘሩን የለቀምሁት ከአንድ አገዳ ሆኖ ሳለ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ብርቱካን፣ አንዱ ደግሞ ቀይ ሆኖ ወጣ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ረዥም ምንቃር ያላት ማር ቀሳሚ ወፍ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄድ ዱቄቱን ታቀላቅለዋለች። በዝዋይና በሆለታ በአውሮፕላን ወደ ውጭ አገር የሚላከው ጽጌረዳ ከቅርንጫፍና ከዝቅያ ስለሚራባ ሺው ሁሉ አንድ መልክ ነው፤ ነጋዴውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ከዘር የመጣ ግን ልጅ ነው፤ አባቱን ይመስላል እንጂ አባቱን አይሆንም። ለ35 ዓመት ያህል ተማሪዎችን በአንድ መስመር ለማቆም የደከመ ሰው ይህን በአትክልቱ ሥፍራ ሲያይ ምን እንደሚሰማው ልነግርህ አልችልም።

አንድ ወዳጄ፣ እርሱም አስተዋይ ሰው ነው፣ «እንጀራ በተወደደበት ዘመን ስንዴ በሚያበቅል መሬት ላይ አበባ መትከል ነውር አይደለምን?» ብሎ ተቆጥቶኛል። ተቃውሞውን አልናቅሁትም። ልጆቹ የተራቡበት ሰው መሬቱን ለአበባ ቢያደርግ እኔም ተው እለዋለሁ። የእኔ አሽንዳ ያለው ግን በአጥሩና በመንገዱ መካከል፣ በሬ በማይዞርበት ጠባብ መደብ ላይ ነው። ደግሞም ለቅሶ በሆነ ጊዜ ከእርሱ ቈርጬ እወስዳለሁ፤ ያ ወዳጄም እናቱ በሞተች ጊዜ አልመለሰውም።

ያ የቀድሞ ተማሪዬ የምንጩን አፍ ጥቂት ለቅቆአል፤ ሁሉን አልለቀቀም። ባለፈው ጥቅምት ግን የ6ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጁ ወደ ቤቴ መጥታ አበባ ትፈልግ እንደ ሆነ ጠየቅኋት። «አበባውን አይደለም፣ ዘሩን ነው» አለችኝ። በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋትና እንዴት እንደሚዘራ ነገርኋት። «መቼ ያብባል?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁለት ዓመት፣ ምናልባትም ሦስት አልኋት። በጣቶችዋ ቈጠረችና «ዘጠነኛ ክፍል እሆናለሁ ማለት ነው» ብላ ወረቀቱን ደብተርዋ ውስጥ ከትታ ሄደች።