የሰይፍ አደራ

የወታደር ጀግንነት የሚለካው በምንድን ነው? ብዙ ሰው ድል ባደረገው ጠላት ብዛት ነው ይል ይሆናል። ነገር ግን ጠላት ከተሸነፈ በኋላ ሰይፉ በድል አድራጊው እጅ ይቀራል፤ ያን ጊዜ የሚመጣው ፈተና ከጦር ሜዳው ፈተና የሚያንስ አይደለም። ለዚህም በደቡብ አሜሪካ የምትገኘው የአርጀንቲና ታሪክ ምስክር ይሆነናል።

ሆሴ ደ ሳን ማርቲን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1778 ዓ.ም. ተወልዶ፥ ከሃያ ዓመት በላይ በስፔን ጦር ካገለገለ በኋላ፥ በ1812 ለትውልድ አገሩ ነፃነት ለመዋጋት ወደ ቦነስ አይረስ ተመለሰ። የኩዮ ክፍለ ሀገር ሕዝብ በቅሎና ስንቅ አዋጥቶ ሠራዊቱን አደራጀለት። በ1817 አምስት ሺህ ያህል ሰው አስከትሎ የአንዲስን ተራራ ተሻገረ፤ በቻካቡኮና በማይፑም የስፔንን ንጉሥ ጦር ድል ነሥቶ የቺሊን ነፃነት አጸና።

በዚህ መካከል የቦነስ አይረስ መንግሥት ከክፍላተ ሀገር መሪዎች ጋር ተጣልቶ ነበርና፥ ሳን ማርቲን ጦሩን ይዞ እንዲመጣና እነርሱን እንዲወጋ አዘዘው። እርሱ ግን የወገኑን ደም ከማፍሰስ እንቢታን መርጦ በ1820 ወደ ፔሩ ዘመተ። ያ መንግሥት በዚያው ዓመት በሴፔዳ ተሸንፎ ወደቀ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ይህን ሥራ ሳንመረምር ልናመሰግነው አይገባም። የጦር አዛዥ ሁሉ የወደደውን ትእዛዝ እየፈጸመ ያልወደደውን የሚተው ከሆነ፥ ሕግና ሥርዓት በምን ይጸናል? ደግሞስ የጦር ኃይል ይዞ ለአገሬ የሚበጀውን አውቃለሁ የማይል ማን አለ?

እንዲህ ካሉት አንዱ ሁዋን ላቫዬ ነበር። ላቫዬ በሳን ማርቲን ፈረሰኞች መካከል ያደገ፥ በቻካቡኮና በማይፑ የተዋጋ ደፋር ወታደር ነው። ነገር ግን በ1828 በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ የቦነስ አይረስን ገዥ ማኑኤል ዶሬጎን በጦር ኃይል ከሥልጣኑ አወረደው፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላም ያለ ፍርድ በጥይት ተደብድቦ እንዲሞት አዘዘ። ዶሬጎም በነፃነቱ ጦርነት ደሙን ያፈሰሰ ወታደር ነበር። ላቫዬ ይህን ያደረገው ለአገሩ ሰላም የሚያስገኝ መስሎት ነው። የተከተለው ግን የርስ በርስ ጦርነት ነበር፤ ራሱም በ1841 በዚሁ መዘዝ በሁሁይ ከተማ ተገደለ።

ሁለቱም መንግሥትን እንቢ ብለዋል፤ ሁለቱም ኅሊናቸውን ምስክር ጠርተዋል። ታዲያ የሚለያቸው ምንድን ነው? እንደሚመስለኝ የሚለያቸው የእንቢታው ፍሬ ነው። ሳን ማርቲን እንቢ ያለው የወገኑን ነፍስ ላለማጥፋት ነው፤ በፔሩ ያገኘውንም ሥልጣን ከአንድ ዓመት ጥቂት ቢበልጥ ነው፥ በ1822 በፈቃዱ ለጉባኤው አስረክቦ ሄደ። የላቫዬ እንቢታ ግን የወገኑን ነፍስ አጥፍቶ፥ የገዥነቱን ወንበር ለራሱ አተረፈለት። ሰይፍ የሕዝብ አደራ ነው፤ አደራ ጠባቂም በአደራው ዕቃ የራሱን ቤት አይሠራበትም።

ሳን ማርቲን በ1829 በመርከብ እስከ ቦነስ አይረስ መጥቶ፥ አገሩ በወንድማማቾች ጦርነት መታመስዋን በሰማ ጊዜ ከከተማይቱ ሳይወርድ ቀረ። ላቫዬ ሥልጣኑን እንዲቀበል ቢያስለምነውም አልተቀበለም። አገሩን በጭንቅዋ ቀን ተዋት ብለው የሚወቅሱት አሉ፤ ወቀሳውም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ወርዶ ቢሆን ኖሮ ከሁለቱ ወገን የአንዱ ሰይፍ መሆኑ አይቀርም ነበር።

ይህም ሰው ቢሆን ፍጹም አልነበረም። በ1844 በጻፈው ኑዛዜ ሰይፉን ለሁዋን ማኑኤል ደ ሮሳስ አወረሰ፤ ምክንያቱም ሮሳስ የውጭ ኃይሎችን በጽናት በመመከቱ ነው። ይሁን እንጂ ሮሳስ በአገር ውስጥ ተቃዋሚዎቹን በጭካኔ የሚያሳድድ ገዥ ነበር። በወገን ላይ ሰይፍ አልመዝም ያለው ሰው፥ ሰይፉን የወገኑን ደም ላፈሰሰ እጅ ተወው። የራስን እጅ መግታት ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሌላውን በምናከብርበት ጊዜ የውጭ ጠላትን መመከቱን ብቻ ሳይሆን፥ ለገዛ ወገኑ የሆነለትንም አብረን መመዘን እንደሚገባን ይህ ኑዛዜ ያስጠነቅቀናል።