ላኪው፣ ወንድሙና ልጅቷ

አትላንታ አጠገብ ስቶን ማውንቴን የሚኖር አንድ ሰው ነበር አሉ። ሌሊቱን መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲደረድር ያድራል፤ ወር በገባ ቁጥር ሜሞሪያል ድራይቭ ላይ ካለ የሐበሻ ሱቅ ጎራ ብሎ አገር ቤት ላለው ታላቅ ወንድሙ ገንዘብ ይልካል።

አንድ ጊዜ ወንድምዬው የተቃወሙትን የቤቱን ልጆች መደብደቡ ተሰማ። ላኪው ተቆጥቶ አቆመ። ግን የትምህርት ቤቱ ክፍያ አሳሰበውና «ላንተ አይደለም፣ ለልጆቹ ነው» ብሎ እንደገና ጀመረ። ተቀባዩ ያው ወንድሙ ነው። የዩኒፎርሙ፣ የደብተሩ፣ የመድኃኒቱ ደረሰኝ ፎቶ ይመጣል፤ አንዱም ሐሰት የለበትም። ስልኩን የሚያነሳው ግን ሁልጊዜ ወንድምዬው ብቻ ነው።

ቆይቶ፣ ከቤቱ ሸሽተው የወጡ ዘመዶች ከመኝታቸው ተነሥተው ጓሮ እንዲያድሩ መደረጋቸውን ነገሩት። ወደ አገር ቤት የሚሄድ ወዳጁን «እስቲ እይልኝ» አለው። እንግዳውን ቤቱን አዙራ ያሳየችው፣ የፈሩትንም ቃል ያደረሰችለት አንዲት ልጅ ናት። እሱ እውነቱን ይዞ አትላንታ ተመለሰ፤ እሷ ላይ በር ተቆለፈባት። ላኪው አዘነ፤ ወር ሲገባም ወደ ሱቁ ሄደ።

ላኪው የዓለም ባንክ ነው፤ ወንድምዬው የኢትዮጵያ መንግሥት። ከምርጫ 97 ግድያ በኋላ ባንኩና ሌሎች ለጋሾች ለመንግሥት በቀጥታ ይሰጡት የነበረውን የበጀት ድጋፍ አቋረጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ግን «የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ» በተባለ ፕሮግራም ለወረዳ መምህራንና ጤና ሠራተኞች ደመወዝ ተብሎ ገንዘቡ ተመለሰ። ደመወዙ ተከፍሏል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ይሁን እንጂ በ2009 የወጣው አዋጅ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በሰብዓዊ መብት ሥራ እንዳይገባ ከለከለ። ታዲያ ወረዳው ውስጥ የሚሆነውን ማን ሊናገር ይችል ነበር?

መንግሥት በጋምቤላ ሰዎችን በመንደር ለማሰባሰብ ባካሄደው ዘመቻ ምክንያት የተሰደዱ አኙዋዎች በ2012 ለባንኩ አቤቱታ መርማሪ፣ ለኢንስፔክሽን ፓናል፣ አቤት አሉ። ፓናሉ ጋምቤላ ሲደርስ እንደ ልጅቷ ሆኖ ያስተረጎመለት ኦሞት አግዋ ነበር። ፓናሉ ፕሮግራሙና ዘመቻው በአሠራር መተሳሰራቸውን፣ ባንኩም ስጋቱን በራሱ ደንብ መሠረት አለመመዘኑን ጻፈ። በማርች 2015 ኦሞት ናይሮቢ ሊሄድ ሲል ቦሌ ላይ ተያዘ፤ በሴፕቴምበር በፀረ ሽብር ሕጉ ተከሰሰ።

ብድር ይቁም አልልም፤ የሚጎዳው ተማሪው ነው። ነገር ግን «እይልኝ» ብሎ የላከ አበዳሪ፣ ያስተረጎመለት ሰው እስኪፈታ ቀጣዩን ክፍያ ሊይዝ ይገባው ነበር። መንገዱም አልጠፋም፤ የአሜሪካ ኮንግረስ በ2014 በጀት ሕጉ፣ በጋምቤላና በታችኛው ኦሞ ወደ ግዳጅ ማፈናቀል የሚያመራ ገንዘብን በባንኩና በመሰል ተቋማት ያሉ የአሜሪካ ወኪሎች በድምፃቸው እንዲቃወሙ አዝዞ ነበር። ስቶን ማውንቴን ግብር የሚከፍለው ወገኔ ተወካዩን በዚህ ሊጠይቅ ይችል ነበር። ፓናሉ ቃላቸውን የሰጡትን ከበቀል ለመጠበቅ መመሪያ ያወጣው በ2016 ነው፤ ኦሞት ያኔም እስር ላይ ነበር።