ጫካ ጫካ አለኝ

ንባብ፦ ጫካ ጫካ አለኝ።

ተናጋሪዋ እናቴ ናት። የተናገረችው አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒታል ተኝታ፣ የሐሞት ከረጢቷ በቀዶ ጥገና በወጣ በሦስተኛው ቀን ነው። ጊዜው ማለዳ፣ ሰሚው እኔ ብቻ። መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ነበር። ሻይ ይዤላት ስገባ ዐይኗን ከግድግዳው ሳታነሣ ይህችን ሦስት ቃል ተናግራ ዝም አለች። ዕድሜዋ ሰባ ስምንት ነው፤ ተወልዳ ያደገችው ደቡብ ጎንደር፣ ፋርጣ ውስጥ ነው። እኔ በልጅነቴ መጽሐፍ ሲተረጎም ከጉባኤ ዳር ተቀምጬ ጥቂት ዓመት ሰምቻለሁ። አንድን ቃል በአንድ ፍች አስሮ አለማለፍን የለመድኩት ያኔ ነው። የእናቴንም ቃል በዚያው ልማድ ልፍታው።

ትርጓሜ፦ ጫካ ጫካ አለኝ አለች፤ ጫካ አማረኝ፣ ናፈቀኝ ስትል ነው። ቡና የለመደ ሰው ሰዓቱ ሲያልፍበት ቡና ቡና አለኝ እንደሚለው ነው። ሐተታ፦ ፈለግሁት አላለችም። በዚህ አነጋገር የሚለው ጫካው ነው፤ ሰውየው የሚባልለት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከተማውን ትቶ ወደ ዛፍ የሚወጣን ሰው ምን ፈልገህ ሄድክ ቢሉት መልስ የሚያጣው ስለዚህ ይመስለኛል። ሄደ ይባላል እንጂ ተጠርቶ ነው።

አንድም፦ ሸተተኝ ማለት ነው። ወጡ ጭስ ጭስ አለኝ እንደሚባለው። ክፍሉ አልኮልና በረኪና ይሸት ነበር፤ የጫካ ሽታ ከየት መጣ ቢሉ፣ ከራስጌዋ ከተጣጠፈው ጋቢ። ጋቢው የጠላ ጋን በወይራ በሚታጠንበት ቤት ተሰቅሎ የከረመ ነው። ዛፍን መተንፈስ በሌላ አገር ስም አለው፤ የጃፓን የደን መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1982 ሺንሪን ዮኩ የሚል ስያሜ አወጣ፤ በደን መታጠብ እንደ ማለት ነው። ውሃ የለውም፤ በዛፎች መካከል ዝግ ብሎ መሄድ፣ መተንፈስ፣ መስማት ነው። ቺንግ ሊ የተባሉት ሐኪምና ባልደረቦቻቸውም ጥድና መሰሎቹ ወደ አየር የሚለቁት ሽታ ከሰውነታችን በሽታ ተከላካይ ሴሎች ጋር ምን እንደሚያገናኘው መርምረዋል። በደን መታጠብ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል የሚወርድ ሰው ውሃው ዘንድ እስኪደርስ በዛፍ መካከል ነው የሚያልፈው፤ መታጠቡ ከመንገዱ ጀምሮ ነው ብል ስሕተት አይመስለኝም።

አንድም፦ ድካሟ ያናገራት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ የጋሪ ድምፅ፣ የስም ጥሪ፣ የስልክ ጩኸት፣ መድኃኒት ዋጪ፣ እጅሽን ዘርጊ። ሬቸልና ስቲቨን ካፕላን የሚባሉ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች፣ ባልና ሚስት ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት መጽሐፍ የሰው ትኩረት እንደ ክንድ ይዝላል ይላሉ። ዛፍ ግን ትኩረትን አስገድዶ አይወስድም። ቅጠል ሲወዛወዝ፣ ወፍ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል ዐይን ደስ ብሎት ይከተላል፤ ባይከተልም የሚጎድል የለም። ያን ጊዜ የዛለው ያርፋል።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በፔንሲልቬንያ በአንድ ሆስፒታል ከ1972 እስከ 1981 እ.ኤ.አ. የታከሙ ሕሙማንን መዝገብ አገላበጠ። ሁሉም የሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ናቸው። 46 ሰዎችን በዕድሜና በመሳሰለው አመሳስሎ 23 ጥንድ አደረጋቸው፤ ከየጥንዱ አንዱ በመስኮቱ ዛፍ የሚያይ፣ ሌላው የጡብ ግድግዳ የሚያይ ነበር። ዛፍ ያዩት ቀድመው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ጥናቱ ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ሕመሙ የእናቴ ሕመም፣ ግድግዳው የእናቴ ግድግዳ ነው። 46 ሰው ጥቂት ነው የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። እኔ ግን ሆስፒታል የሚያሠሩ ሰዎች ሁሉ ሕንፃውን ከመረከባቸው በፊት ከየአልጋው ላይ አንድ ጊዜ ተኝተው በመስኮቱ ምን እንደሚታይ ቢያዩ ብዬ እመኛለሁ። ከመስኮቱ ፊት አንድ ወይራ ቢተከል ወጪው የችግኝ ዋጋ ነው።

ቦ፣ ልሸፍት አለች የሚል አለ። ጫካ ገባ ማለት በአገራችን ሸፈተ ማለት ነውና። በጣልያን ወረራ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ዱር ቤቴ ያሉ አርበኞች ነበሩ፤ አባቷ ከእነርሱ አንዱ ነበር። ቃሉ ዛሬም ለብዙ እናት ሥጋት ነው፤ ልጇ ጫካ ገባ ሲሏት ስለ ጥድ ሽታ የምታስብ የለችም። ይህን ፍች ለእናቴ አይስማማም ብዬ ላልፈው ነበር። ነገር ግን እጇ ላይ የተሰካውን መርፌ አይታ፣ በሩን አይታ፣ ነጠላዬን አምጣልኝ ያለችኝን ሳስታውስ ማለፉን ተውኩት።

አንድም፦ ልመንን ስትል ነው። ገዳም በግእዙ ዱር፣ ሰው ያልሰፈረበት ምድር ማለት ነው። ኋላ ነው የመነኮሳት ማደሪያ ስም የሆነው። እንዲህ ከሆነ ገዳም ገባ እና ጫካ ገባ ከመነሻቸው አንድ ነገር ነበሩ፤ አንዱ ጠመንጃ ይዞ፣ አንዱ መቋሚያ ይዞ። ሁለቱም በከተማው መኖር ያልቻሉ ናቸው።

ጫካ ጫካ፦ ስለምን ሁለት ጊዜ ጠራችው ቢሉ፣ ጫካው ሁለት ስለሆነ ነው። ፊተኛው የእንጨት ጫካ ነው። ልጅ ሳለች ከእህቶቿ ጋር ከሰፈር ጀርባ ካለው ዱር እንጨት ትለቅም ነበር። በየዓመቱ እየራቀ ሄደ፤ መጀመሪያ የምሳ ሰዓት መንገድ፣ ኋላ የቀን መንገድ፣ ኋላ የለም። የእርሻና የግጦሽ መሬት ሆነ። እኛው ነን የጨረስነው ትላለች፣ ራሷን ሳታወጣ። ሐተታ፦ ጫካ ለሁሉም ዕረፍት አይደለም። የእንጦጦን ዳገት ባሕር ዛፍ ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው የሚወርዱትን ሴቶች ያየ ሰው ይህን ያውቃል። በዚያው ተራራ ላይ በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ የከተማው ሰው አየር ሊቀበል ይወጣል። ደን ሸክም ለሆነባት ሴት ደን ይጠራታል ወይ የሚል ጥያቄ ያነሣብኝ ሰው ነበር። እናቴ ሸክሙንም ተሸክማለች፣ ናፍቆቱም አልቀረላትም፤ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ኋለኛው ጫካ የታቦቱ ነው። በደቡብ ጎንደር ከሩቅ ሲያዩት ሜዳው ሁሉ እርሻ ሆኖ እዚህም እዚያም ክብ ክብ ጥቁር አረንጓዴ ቀርቷል፤ በየክቡ መካከል ቤተ ክርስቲያን አለ። ጥድ፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ብሳና ከነወፉ የተረፈው እዚያ ነው። ደኑ የቤተ ክርስቲያኑ ልብስ ነው ይላሉ አገልጋዮቹ፤ ልብስ ደግሞ አይቆረጥም። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ እመጓ የተባለውን መጽሐፍ የጻፉልን፣ እነዚህን ደኖች አጥንተው ከብት የገባበት ደን ችግኝ እንደማያሳድግ አሳዩ። ሽማግሌ ዛፎች ብቻ ይቆማሉ፤ ሲወድቁ የሚተካቸው የለም። ከአሜሪካዊቷ የደን ሊቅ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነውም ምእመናኑ በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲክቡ አገዙ። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ የሚለቀም ነው፤ ማሳው ይጠራል፣ ደኑ ይታጠራል። እንዲህ ያለ ካብ በእናቴ አጥቢያም ተክቧል።

እዚህ ላይ ፍቹን ጨርሻለሁ ብዬ ነበር።

ከሆስፒታል በወጣች በስድስተኛው ሳምንት ወደ መናገሻ ሱባ ወሰድኳት። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለ ደን ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ከአንድ ትልቅ ጥድ ሥር ጋቢዋን አንጥፌ አስቀመጥኳት። ከላይ ጉሬዛዎች ቅርንጫፍ እያነቃነቁ ያልፋሉ። ብዙ ዝም አለች። ያ የሆስፒታሉ ፊቷ አልነበረም፤ ትከሻዋ ወርዶ፣ እጇ በግንዱ ላይ ነው።

«እማዬ፣ ያ ጫካ ጫካ ያለሽ ደረሰልሽ?» አልኳት።

«ይኼማ የሰው ነው ልጄ» አለች። «እኔ አለኝ።»

«ለ»ን አጠበቀችው። አማርኛችን ሲጻፍ ማጥበቅና ማላላት አይታይም። ሲላላ ነገረኝ ነው፤ ሲጠብቅ የኔ የሆነ አለ ማለት ነው። ያን ማለዳ እኔ የሰማሁት የላላውን ነው።

ከዚያ ነገረችኝ። ከካቡ ውስጥ፣ ከቤተ ልሔሙ ወረድ ብሎ ካለው ወይራ ሥር እናቷ አለች፣ አባቷም አለ፤ እኔ ሳልወለድ የሞተው የመጀመሪያ ልጇም አለ። ካቡ ሲካብ ድንጋይ ያቀበለችው ያንን ወገን መርጣ ነው። ይህን ስትል ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው ነበር፤ የቤቷን አቅጣጫ ለእንግዳ እንደምታመለክት ሰው።

ጆሮዬ የላላውን ይስማ እንጂ ይህን ፍች ሆስፒታሉም ውስጥ ሳለሁ አውቀው ነበር። ሽታውን፣ ድካሙን፣ ሽፍትነቱን፣ ምናኔውን የደረደርኩት ወደዚህ ላለመድረስ ነው። ሐሰት አይደሉም፤ አንዳቸውንም አልሰርዝም። ግን ከሁሉ በታች የነበረው ይህ ነው፦ እናቴን የሚጠራት ደን ሰዎቿ ያሉበት ደን ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንሂድ አልኳት። ቆይ አለችና ከጥዱ ሥር ተንበርክካ የረገፉትን ፍሬዎች አንድ በአንድ ትለቅም ጀመር። ጎንበስ ማለት ሐኪሙ ከልክሏት ስለነበር ልለቅምላት ብል እምቢ አለች። ሲበቃት በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻቸው።

«ለማን ነው?» አልኳት።

«ካቡ ውስጥ ገና ቦታ አለ» አለችኝ።